ስድስተኛዋ ክብ

የበደለኝ ሰው የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ነበር። የበደለኝም ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ስሙን አልጽፍም። ለክብሩ ተጨንቄ አይደለም። ስሙን ብጽፍ ሰው ስለ ዝናው ማውራት ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ የሠራው ሥራ ብቻ እንዲታወቅ ነው የምፈልገው።

ያን ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ አክታ እመረምራለሁ። እጄ ጥሩ ነበር። የከተማችን ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት የደም ስላይድ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ቀለሙ ይበላሻል፣ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል። እኔ የዝናብ ውሃ በጀሪካን አጠራቅሜ ስለምጠቀም የእኔ ስላይዶች ጥርት ያሉ ነበሩ። ኃላፊው ይህን ለሌሎች ሲናገር ከመጋረጃ ጀርባ ሰምቼዋለሁ። እኔ ፊት ተናግሮት አያውቅም።

በዚያ ዓመት ከአንድ ሶሻሊስት አገር አንድ ፓቶሎጂስት መጣ። ከበሽተኛ የተወሰደ ሥጋና ደም በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታው ምን እንደሆነ የሚናገር ሐኪም ነው። ይኸኛው ግን ከዚያ አልፎ በዘር የሚወረሱ በሽታዎችን አጥንቷል። ስድስት ወር ሊያስተምረን ነበር የመጣው። ከየቦታው አምስት ሰዎች ተመረጥን፤ ከእኛ ሆስፒታል ኃላፊውና እኔ ነበርን። ሥልጠናው ሲያልቅ ከአምስታችን አንዱ ወደ ዶክተሩ አገር ይላካል፣ ሐኪም ከዚያም ፓቶሎጂስት ይሆናል፣ የዘር በሽታን ተምሮ ተመልሶ ሌሎችን ያሠለጥናል ተባልን።

አባቴ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ነው የሞተው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው ሸኘ። እኔ ከዚያ ዕድል በፊትም ሆነ በኋላ ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። ባል እንኳ እንደዚያ አልፈለግኩም።

ዶክተሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክሮሞዞም መቁጠር አስተማረን። ከአገሩ ይዞት የመጣውን ፎቶግራፍ በመቀስ እየቆራረጥን፣ ጥንድ ጥንዱን እያመሳሰልን ወረቀት ላይ እንለጥፋለን። ቀጥሎ የቤተሰብ ሐረግ አሳሳል መጣ። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሳላል። የታመመው ይጠቁራል። የሞተው በሰያፍ መስመር ይሰረዛል። በሽታውን ሳትታመም ለልጆቿ የምታስተላልፍ ሴት በክቧ መሐል ነጥብ ይደረግባታል። ዘመዳሞች ከተጋቡ በሁለት መስመር ይያያዛሉ። መጀመሪያ ወደ ሐኪም የመጣው በሽተኛ በቀስት ይጠቆማል። ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ። ዶክተሩ ስም የበሽተኛው ምስጢር ነው እያለ ደጋግሞ ያስጠነቅቀን ነበር።

የቤት ሥራ ሰጠን፤ ቢያንስ የሦስት ትውልድ ሐረግ ስላችሁ አምጡ አለ። ኃላፊው የራሱን ዘር ስሎ መጣ። ወላጆቹ ከደጋ የመጡ ናቸው፤ እንደኛ ቤት ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ ስለሆነ ሰባት ትውልድ ስሏል። ወረቀቱ አልበቃ ብሎት ሁለት ወረቀት በማጣበቂያ ቀጥሏል። ስም አትጻፉ ቢባልም ግራዝማች እገሌ፣ ቀኛዝማች እገሌ እያለ ማዕረጉን ሁሉ ጽፎበታል፤ ያውም ማዕረግ በሚያስጠይቅበት ዘመን። ዶክተሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየውና፣

«በጣም ጥሩ ነው። በሽተኛው የቱ ነው?» አለው።

በሽተኛ አልነበረም። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም ሳቅኩ። ሌሎቹ ሳቃቸውን ሲያቆሙ እሱ የሚያየው እኔን ነበር። እነሱ ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው፤ እኔ የእሱ ሠራተኛ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላቦራቶሪ ስወጣና ስገባ ሰዓቱን ያይ ነበር።

የእኔ ሐረግ የሌላ ሰው ነበር። ቀፊራ ገበያ እርድ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የልጅ ልጇ ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎት ሆስፒታል አምጥታው ነው የተዋወቅነው። ሦስት ቀን ደም እየሰጠነው ተረፈ። አዴ እላት ነበር፤ በእሷ አፍ እናቴ ማለት ነው። ከልጁ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እንዲህ ያለው ነገር በቤቷ አዲስ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ሁለት ወንድሞቿ በግርዘት ሞተዋል። የእህቷ ልጅ ጥርሱን ነቅሎ ሞቷል። ሴቶቹ ምንም አይሆኑም። አንዳንዶቹ ቡዳ ነው፣ ሌሎቹ ደግሞ የተረገመ ምላጭ ነው ብለዋታል። እሷ ግን ሦስት ጊዜ ምላጭና ገራዥ ቀይራ አይታዋለች።

«ምላጩ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቶቼም ይደሙ ነበር፣ ወላሂ። እኛ ቤት ነው ነገሩ» አለችኝ።

ዶክተሩ በኋላ ይህን ስነግረው፣ ይህች ሴት ከግማሽ ሠልጣኞቼ ትበልጣለች ነው ያለው።

ስድስት ቅዳሜ ቀፊራ ሄድኩ። የቅመም ጆንያ ላይ ተቀምጬ እሷ እየነገረችኝ እኔ ሳልኩ። አማርኛ ሲያጥራት በኦሮምኛ፣ ሲበዛባት በሶማሊኛ ትነግረኛለች፤ መሐል ላይ ደንበኛ ይመጣል፣ ትሸጣለች፣ ከዚያ የሞተውን ወንድሟን ካቋረጠችበት ትቀጥላለች። እናትና አባቷ የወንድማማቾች ልጆች ናቸው፤ ሁለት መስመር። አንድ ወንድሟ ጅቡቲ ነው። አንዱ በጦርነቱ ጊዜ ሐርጌሳ ገብቶ ቀርቷል። ከሁለቱ አራት ማዕዘኖች አጠገብ «ጅ» እና «ሐ» ብዬ ጻፍኩ፤ ዶክተሩ ሊመረመር የሚችለውና የማይችለው ተለይቶ ይታወቅ ስላለ ነው። ሐርጌሳ የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ መናገር የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። እሷም ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

እዚህ ላይ ማንም ያላዘዘኝን ነገር አደረግኩ። አዴ በቀፊራ የምትታወቀው የአምስት ሴት ልጆች እናት ተብላ ነው፤ ወንድ ልጅ የላትም። አምስት ክብ በተርታ ብስል፣ ደብተሩ በማይሆን እጅ ቢገባ፣ ቆጥሮ የማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ አያዳግትም። ስለዚህ ስድስተኛ ክብ ጨመርኩ። በመሐሏ ነጥብ አደረግኩባት። ያልተወለደች ልጅ ናት። ለአዴ አልነገርኩም፣ ለዶክተሩም አልነገርኩም። ለሳይንስ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ከሳይንስ የባሰ የሚያስፈራኝ ነገር ነበር።

ዶክተሩ ሐረጉን አይቶ በሁሉም ፊት፣ ይህ የሐኪም ሥራ ነው አለ። ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ማን እንደሚመረጥ ለመገመት አያስቸግርም ነበር። በዚያው ዕለት ኃላፊው ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«እቱ፣ ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጉድ የነገረሽ ማን ነው?»

«በሽተኛ ነው፣ ጋሼ።»

«የቱ በሽተኛ?»

«ስም አትጻፉ ተብለናል እኮ።»

«ጻፊልኝ መች አልኩ፤ ንገሪኝ ነው ያልኩት።»

አልነገርኩትም። ስቄ አለፍኩት። ያ ሁለተኛው ሳቄ መሆኑ ነው።

ደብተሬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ነበር የማስቀምጠው። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ከኃላፊው ጠረጴዛ ጀርባ ሚስማር ላይ። ሰኞ ጠዋት መሳቢያውን ስከፍት ደብተሩ የለም። ቁልፉ አልተሰበረም። ማንንም አልጠየቅኩም። በዚያ ጊዜ አንድ ነገር ጠፋኝ ብሎ መጠየቅ፣ ምን ነበር የጠፋብሽ የሚል ጥያቄ ያመጣል። ዶክተሩ ደግሞ እሑድ ዕለት ለአሥር ቀን ስብሰባ አዲስ አበባ ሄዷል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው ከሥራ ቦታዬ ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። የሚጠይቀኝ ሰው የሰፈራችን ሰው ነው፤ በልጅነቴ አባቴ ያለ ትኬት ጣቢያው ውስጥ ሲያስገባው አስታውሳለሁ። እሱም ያስታውሳል፤ ስለዚህ ነው መሰለኝ አንድም ጊዜ በስሜ ያልጠራኝ።

«እሺ ጓድ፣ ይህ ድርጅት ስንት አባል አለው?» አለኝ።

ድርጅት አይደለም አልኩት። ጣቱን በየምልክቱ ላይ እያሳለፈ ራሱ አብራራልኝ። ስም የለም፤ በቁጥር ብቻ ነው የሚጠራሩት። የተሰረዙት የተገደሉ ናቸው። የጠቆሩት የታጠቁ። ነጥብ ያለባቸው ሴቶች መልእክት አመላላሾች። ሁለት መስመር ያላቸው ድርብ ግንኙነት ያላቸው። ቀስቱ መሪውን ያሳያል። ሲናገር አልተሳሳተም፤ ማለቴ፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ሁሉም በትክክል ገጥሞለታል። እኔ ራሴ ለአንድ አፍታ ፈራሁ፤ የሳልኩት እሱ የሚለውን መሰለኝ።

«ይህ ‹ሐ› ምንድን ነው?»

ደብተሩን ወደ እኔ አዞረው።

«ሐረር ነው? ወይስ ሁርሶን በማይገባው ሐ ጽፈሽው ነው? ሁርሶ የሠራዊት ማሠልጠኛ ነው፤ ተናገሪ።»

ሁርሶ አይደለም አልኩ። ያ ጥያቄ ግን ነገሩ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል አሳየኝ። እውነቱን ልናገር ብል የአዴን ስም መጥራት አለብኝ። የአዴን ስም ከጠራሁ ሐርጌሳ ያለው ወንድሟ ይወጣል፣ እሷ ከነልጆቿ እስር ቤት ትገባለች። ስለዚህ ስለ ምልክቶቹ ብቻ ተናገርኩ። የሆስፒታል ትምህርት ነው፣ የውጭ አገሩ ዶክተር ያስተማረን ነው፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ አብሮኝ ተምሯል፣ እሱን ጠይቁት አልኩ። ይህን ስል ቀለል አለኝ። እውነቴን ነው፤ እሱ ሲመጣ ሁሉም ነገር ያበቃል ብዬ አስቤ ነበር።

አመጡት። ነጩን ጋዋን እንደለበሰ ነው የመጣው፤ እጅጌው ላይ የሐምራዊ ቀለም ጠብታ ነበረበት። ደብተሩን ሰጡት። ገጹን ገለጠ፣ አየ፣ እንደገና ገለጠ። ጊዜ ወስዶ ነው ያየው። እኔን አላየኝም።

«እንዲህ ያለ ነገር አልተማርንም» አለ።

የሰባት ትውልድ ሐረጉን በማጣበቂያ የቀጠለው ሰው ነው እንዲህ ያለው። ጋሼ አልኩት። እሱ ግን ወደ ጠያቂው ዞሮ፣ እሷ ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የት እንደምትውል ግን አላውቅም አለ። ፈርሞ ሄደ።

ዘጠኝ ቀን በቀበሌው መጋዘን ውስጥ፣ የስኳር ጆንያ አጠገብ ተኛሁ። አልተመታሁም። ሌሎች ሲመቱ ግን ሰምቻለሁ። በየቀኑ ያንኑ ይጠይቁኛል፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። የአዴን ስም አልጠራሁም። አዴ ይህን የሰማችው ከዓመት በኋላ ነው፤ የነገርኳትም እኔ ነኝ፣ አልክድም፤ ሰው የተደረገለትን ማወቅ አለበት።

ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጠየቀ፣ ፈለገ፣ አስተርጓሚና መጽሐፍ ይዞ ቀበሌ መጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ክቦችና አራት ማዕዘኖች አሳያቸው። በዚያው ቀን ለቀቁኝ። ጠያቂዬ፣ ጥንቃቄ ነው ጓድ፣ ቅር አይበልሽ አለኝ። ደብተሬን ስጠኝ ብለው፣ ለአብዮቱ ጉዳይ ተልኳል አለኝ።

የተመራጩ ስም ወደ አዲስ አበባ ከተላለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር። በምርመራ ላይ ያለ ሰው አይታጭም። ዶክተሩ ሊያስለውጠው ሞከረ፤ ኮንትራቱ አለቀና እሱም ሄደ። ኃላፊው በታኅሣሥ ሲሄድ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«አይዞሽ እቱ፣ ሌላ ዙር ይኖራል» አለኝ።

ሌላ ዙር አልነበረም።

ለስምንት ዓመት ያህል፣ ሰውዬው ፈርቶ የዋሸ ፈሪ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥታ የሰጠችው ግን የላቦራቶሪው ጽዳት ሠራተኛ ናት ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ወንድሟ ቀበሌ ይሠራል፣ ቁልፉ የተሰቀለበትን ክፍልም የምታጸዳው እሷ ናት። ሰላምታ ነሳኋት። ከላቦራቶሪ ወደ ልብስ ማጠቢያ እንድትዛወር ያደረግኩትም እኔ ነኝ፤ ስላይድ ትሰብራለች ብዬ ጻፍኩባት። አንድም ስላይድ ሰብራ አታውቅም።

ሰውዬው በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ዶክተር ሆኖ፣ ፓቶሎጂስት ሆኖ፣ መነጽር አድርጎ ተመለሰ። አዲስ አበባ ነበር የሚሠራው። ወጣት ፓቶሎጂስቶችን ስለ ዘር በሽታ ያሠለጥናል ይባላል። አንድ ጊዜ ሥልጠናውን በእኛ ሆስፒታል አዳራሽ ሰጠ። ማይክሮስኮፖቹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ከኋላ ቆሜ ነበር። አሥር የሚሆኑ ሐኪሞች ደብተራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ሰሌዳው ላይ ሐረግ መሳል ጀመረ። ከላይ ሁለት መስመር። ሁለት የተሰረዙ ጥቁር አራት ማዕዘኖች። የእህት ልጅ፣ የተሰረዘ። የማን ቤት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ሴት ልጆቹን በተርታ ሳለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ጠመኔው አልቆመም። ስድስተኛ ክብ ሳለ፤ በመሐሏ ነጥብ አደረገ።

«ይህን ቤተሰብ ያገኘሁት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ነው የሰበሰብኩት» አላቸው።

ሐኪሞቹ ስድስቱንም ክብ በየደብተራቸው ገለበጡ። እኔ እንደገና ቆጠርኩ። ያቺ ልጅ ከእኔ ደብተር በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ያን ሐረግ እኔ ክፍል ውስጥ ለዶክተሩ ሳሳይ ሁሉም አይተውታል፣ እውነት ነው፤ ግን አንድ ጊዜ አይቶ አርባ ምልክት በቃሉ የሚይዝ ሰው የለም። ቀበሌም ጊዜ ወስዶ ቢያየውም በእጁ ብዕር አልያዘም። ደብተሩ ቀበሌ ከመድረሱ በፊት እሱ እጅ ነበር፣ ቁጭ ብሎ ገልብጦታል፣ ከዚያ አሳልፎ ሰጥቶታል። ሌላ መንገድ የለውም። የጽዳት ሠራተኛዋ ያን ጊዜ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

የአዴን ስም ለቀበሌ አለመናገሩንም አሰብኩበት። በሽተኛውን ልጅ ደም ስንሰጠው እሱም ነበር፤ የማን ቤት እንደሆነ ሳይገምት አይቀርም። አንዳንዱ ሰው ይህን ቢሰማ ለሴትዮዋ አዘነላት ይላል። እኔ አልልም። ቤተሰቡን ለራሱ ሊያቆየው ፈልጎ ነው።

ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ቀፊራ ወርዶ አዴን አገኛት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ እየጠበቀችኝ ነበር።

«አንድ መነጽራም ሐኪም መጣብኝ፣ አቦ» አለችኝ። «የልጆቼን ደም ስጪኝ ይላል። ውጭ አገር ወስዶ የትኛዋ በሽታውን እንደያዘች ሊያሳውቀኝ ነው። አምስቱን እጠራልሃለሁ ብለው፣ ስድስተኛዋስ ይለኛል። የለችም ብለው አትደብቂኝ፣ ወረቀት ላይ አለች ይለኛል። ታዲያ ከየት አባቴ ልውለድለት? ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ!»

ጎረቤቶቿ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ትንሿ ልጄ አርግዛለች። ወንድ ከሆነ እንግዲህ እንዳትገርዙት የሚል ሰው ያስፈልገኛል፤ ባሏ እኔን አይሰማኝም፣ ሐኪምን ይሰማል። ደሟን ልስጠው ወይስ ይቅር? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው።»

ደሙ ሊጠቅማት እንደሚችል አውቅ ነበር። ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ ገበያ ውስጥ አልነበረም።

«አትስጪው፣ አዴ» አልኳት።

አልሰጠችውም። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ሰው ልኮባት ነበር፣ መለሰቻቸው። ልጅቷ በዚያ ክረምት ወንድ ወለደች። የዝውውር ማመልከቻዬን ያስገባሁት በዚያው ሳምንት ነው። ከከተማው ወጣ ያለው ቢዮ አዋሌ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያ ወባ መረመርኩ። ቀፊራ አልተመለስኩም፤ ልጁን ገረዙት አልገረዙት ማንንም አልጠየቅኩም።